ድራይቨሩ ዲስኩ ላይ ነው፤ ታዲያ ዲስኩን ማን ያነበዋል?

ላፕቶፕ ሲበራ የሚፈጠር አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር አለ። ዊንዶውስም ሆነ ሊኑክስ ዲስክ የሚያነበው በድራይቨር፣ ማለትም መሣሪያውን ማናገር በሚያውቅ ትንሽ ፕሮግራም ነው። ድራይቨሩ ደግሞ የተቀመጠው እዚያው ዲስኩ ላይ ነው። ዲስኩን ለማንበብ ድራይቨር ያስፈልጋል፤ ድራይቨሩን ለማግኘት ዲስኩን ማንበብ ያስፈልጋል። ታዲያ የመጀመሪያዋን ባይት ማን አነበባት?

ፈርምዌሩ (ማዘርቦርዱ ላይ የተቀመጠው ፕሮግራም) እና ቡትሎደሩ (ሲስተሙን የሚያስነሳው ፕሮግራም) ናቸው። ሥራቸው የጥቂት ሰከንድ ነው። ከርነሉን፣ ማለትም የሲስተሙን እምብርት፣ ከዲስክ አንስተው ራም ላይ ያስቀምጡና ቦታውን ለቀው ይሄዳሉ። በእነዚያ ጥቂት ሰከንዶች አንድ ነገር ከተበላሸ ግን ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነገር የለም። ፒያሳም ሆነ ሜክሲኮ አካባቢ ላፕቶፕ ከሚጠግኑ ልጆች ጋ ትንሽ ቁጭ ብትሉ፣ “ዲስኩ ሞቷል” ተብሎ ከሚመጣው ውስጥ ዲስኩ ምንም ያልሆነው ብዙ እንደሆነ ታያላችሁ። ዲስኩና ቡትሎደሩ አልተግባቡም፣ በቃ። አለመግባባቱ ብዙ ጊዜ የሚፈጠረው ደግሞ ቡትሎደሩ ለስቶሬጅ ድራይቨሩ ጥያቄ በሚያቀርብበት መንገድ፣ ማለትም ኢንተርፌሱ ላይ ነው።

ይህንን የምጽፈው በተለይ አምስት ኪሎ ፕሮጀክት እየሠሩ ትንንሽ ቦርድ ላይ ዩ-ቡት የሚባለውን ቡትሎደር ለሚጭኑ ተማሪዎች ነው። ግን ዊንዶውስ ሊጭን ሞክሮ “ዲስክ አልተገኘም” የተባለ ሰውም ቢያነበው የሚጠቅመው ይመስለኛል።

ኢንተርፌስ ስል የሰፈር ሱቅ መስኮት አስቡ። እናንተ ውጭ ቆማችሁ “አንድ ሳሙና፣ ሁለት ሻማ” ትላላችሁ። ባለሱቁ ሳሙናውን ከላይኛው መደርደሪያ ያውርደው ወይ ከካርቶን ውስጥ ያውጣው፣ አያገባችሁም። ውጭ የቆመው ቡትሎደሩ ነው፣ ውስጥ ያለው ድራይቨሩ። በመስኮቱ የሚያልፈው ጥያቄም አጭር ነው፦ ከዚህ ቁጥር ብሎክ ጀምረህ ይህን ያህል ብሎክ አንብብና እዚህ ራም አድራሻ ላይ አስቀምጥልኝ (ብሎክ ማለት ዲስኩ የተከፋፈለበት እኩል ቁራጭ ነው)። ዲስኩ ሳታ ይሁን፣ ኤንቪኤምኢ ይሁን፣ ፍላሽ ይሁን፣ ሚሞሪ ካርድ ይሁን፣ ጥያቄው አንድ ነው።

ይህ ሲነገር ቀላል ነው። ሲሠራ ግን እያንዳንዷ ቁጥር ታሪክ አላት።

አይቢኤም ፒሲ እ.ኤ.አ. በ1981 ሲወጣ ባዮሱ (የፒሲው ፈርምዌር) ለዲስክ አንድ በር ነበረው፤ ኢንተራፕት 13 ይባላል። ፕሮግራሙ የሲፒዩው ሬጂስተሮች ላይ ቁጥሮች ይሞላል፣ ኢንተራፕቱን ይጠራል፣ ባዮሱ አንብቦ ይመልሳል። ስህተት ካለ ካሪ ፍላግ የምትባለዋ ቢት 1 ትሆናለች። አለቀ። እስከ ቅርብ ዓመታት ድረስ የኖረው በዚህ ቅለቱ ነው፣ እኔም ቅለቱን አደንቃለሁ። ችግሩ ቁጥሮቹ ላይ ነው። አድራሻው የሚሰጠው በሲሊንደር (ክብ መስመሩ)፣ በሄድ (የሚያነበው ጭንቅላት) እና በሴክተር (መስመሩ ላይ ያለው ቁራጭ) ተከፋፍሎ ነበር፤ ለሲሊንደር 10 ቢት፣ ለሄድ 8 ቢት፣ ለሴክተር 6 ቢት። 1024ን በ256፣ በ63፣ ከዚያ በ512 ባይት ብታባዙት 8.4 ጊጋባይት አካባቢ ላይ ያልቃል። ከዚያ የሚበልጥ ዲስክ ቢገጠም እንኳ ያንን ቦታ ለመጠየቅ የሚያስችል ቁጥር የለም። የባሰው ደግሞ የዲስኮቹ የራሳቸው ስታንዳርድ ሄድን በ16 ስለገደበው፣ ሁለቱ ሲገናኙ የጋራ ጣሪያቸው 528 ሚሊዮን ባይት ገደማ ሆኖ ቀረ። ሊሎ የሚባለውን የሊኑክስ ቡትሎደር የተጠቀመ ሰው ያስታውሰዋል፤ ከርነሉ ከ1024ኛው ሲሊንደር ወዲህ ካልተቀመጠ አይነሳም ነበር፣ ስለዚህ ሰዉ ሁሉ ዲስኩ መጀመሪያ ላይ ለከርነሉ ብቻ የምትሆን ትንሽ ፓርቲሽን ይቆርጥ ነበር።

ኋላ ላይ ኢንተራፕት 13 ተራዘመ። 16 ባይት የምትሆን ፓኬት ራም ላይ ታዘጋጃላችሁ፣ በውስጧ 64 ቢት የብሎክ ቁጥር አለ፣ ሲሊንደርና ሄድ የሚባል ጣጣ ቀረ። ያም ሆኖ ሌሎች ቦታዎች ጠባብ ሆነው ቆዩ። የድሮው የሃርድ ዲስክ ትዕዛዝ 28 ቢት ስለነበር 137 ጊጋባይት ላይ ቆመ። ኤምቢአር የሚባለው የፓርቲሽን ሠንጠረዥ 32 ቢት ስለሚጠቀም 2.2 ቴራባይት ላይ ቆመ። የሚገርመው፣ በየጊዜው የሚሰጠው ቁጥር በጊዜው የማያልቅ ይመስል ነበር።

ስለዚህ አዲስ ኢንተርፌስ የምትነድፉ ከሆነ የብሎክ ቁጥሩን ከመጀመሪያው 64 ቢት አድርጉት፣ ሲፒዩው 32 ቢት ቢሆንም። ይህ ብቻም አይበቃም፤ ማባዛቱ የት እንደሚካሄድ ተመልከቱ። የብሎክ ቁጥር 9,000,000ን በ512 ስታባዙ 4,608,000,000 ይመጣል። ማባዛቱ 32 ቢት ውስጥ ከተካሄደ ውጤቱ ተቆርጦ 313,032,704 ይሆናል። ድራይቨሩ ምንም ስህተት አይናገርም፤ አራት ጊጋባይት ዘለግ ብሎ ያለውን ፋይል ስትጠይቁት 313 ሚሊዮን አካባቢ ያለውን ሌላ ነገር አንብቦ “ይኸው” ይላችኋል። እንዲህ ያለው ስህተት ክፉ ነው። ትንሽ ዲስክ ላይ ስትሞክሩት ይሠራል፣ ትልቅ ዲስክ ላይ ደግሞ ከርነሉ ከ4 ጊጋባይት በታች እስካለ ድረስ ይሠራል፣ ከዚያ አንድ ቀን ከርነሉ ሲታደስ ራቅ ያለ ቦታ ላይ ይጻፍና ማሽኑ አልነሳም ይላል።

አሁን ወደ ዘመኑ እንምጣ። ባዮስን የተካው ዩኢኤፍአይ ነው። ኢንቴል ለኢታንየም ማሽኖቹ ብሎ የጀመረውን፣ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ የኩባንያዎች ፎረም ይዞት ነው እዚህ የደረሰው። የእሱን የዲስክ ኢንተርፌስ ብሎክ አይኦ ይሉታል። ፈንክሽኖቹ አራት ብቻ ናቸው፦ ሪሴት፣ ማንበብ፣ መጻፍ፣ “ፍለሽ” ማድረግ (የተያዘውን ጽሑፍ ዲስኩ ላይ ማውረድ)። ይህንን ንድፍ በጣም እወደዋለሁ። የምወደው ግን በአራቱ ፈንክሽኖች ብቻ አይደለም፤ ከጎናቸው በተቀመጠችው የመረጃ ሠንጠረዥ ጭምር ነው። ሠንጠረዧ የብሎኩ መጠን ስንት እንደሆነ፣ የመጨረሻው ብሎክ ቁጥር ስንት እንደሆነ፣ ዲስኩ ተነቃይ መሆኑን፣ አሁን በቦታው መኖሩን፣ መጻፍ የማይቻልበት መሆኑን፣ የራም አድራሻው በስንት መካፈል እንዳለበት ትናገራለች። ቡትሎደሩ የሚገምተው ነገር አይኖርም። ለእኔ የጥሩ ኢንተርፌስ መለኪያው ይኸው ነው፤ ጥያቄው ትንሽ ይሁን፣ ግምት ግን አይኑርበት።

ከነዚህ መስኮች አንዷ የሚዲያ መለያ ቁጥር ናት። ቡትሎደሩ የሚሞሪ ካርዱን ፋይል ሲስተም (የፋይሎቹን አቀማመጥ መዝገብ) አንብቦ ፋይሎቹ የት የት እንዳሉ ይዟል እንበል። በዚህ መሃል አንዱ ካርድ ሪደሩ ላይ ያለውን ሚሞሪ አውጥቶ ሌላ ከተተ። ቡትሎደሩ በአሮጌው ካርታ አዲሱን ሚሞሪ ማንበብ ይጀምራል፤ የሚያገኘው ቆሻሻ ነው፣ ከጻፈበት ደግሞ የሰው ፎቶ ያጠፋል። ብሎክ አይኦ ላይ ግን እያንዳንዱ ጥያቄ የመለያ ቁጥሩን ይዞ ነው የሚመጣው። ቁጥሩ አሁን ካለው ጋር ካልገጠመ ድራይቨሩ “ሚዲያው ተቀይሯል” ብሎ ይመልሳል፣ አያነብም አይጽፍም። አንዲት ቁጥር ብቻ ናት፤ የምታድነው ግን ብዙ ነው።

የብሎክ መጠን ጉዳይ ግን ከሁሉም በላይ ሰው ያስለቅሳል። ብዙ ኮድ ላይ 512 ቁጥሯ እንደ ግድግዳ ተገንብታ ታገኟታላችሁ፣ ሲዲ 2048 ቢሆንም፣ የስልኮቹ ማከማቻ ዩኤፍኤስ 4096 ቢሆንም፣ 4096 የሆኑ ሃርድ ዲስኮችና ኤስኤስዲዎች ቢኖሩም።

ሜክሲኮ አካባቢ አንድ ሱቅ ውስጥ ያየሁትን ልንገራችሁ። አንዲት የሂሳብ ባለሙያ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ይዘው መጡ፣ የገመድ መግቢያው ተሰብሯል። ልጁ ሳጥኑን ፈልቅቆ ዲስኩን አወጣና ዴስክቶፕ ላይ በሳታ ገመድ ሰካው። ዲስኩ ወዲያው ታየ፣ ግን ዊንዶውስ “ለመጠቀም ፎርማት ማድረግ አለብህ” አለ።

“እትዬ፣ ፎርማት ካላደረግነው አይከፍትም።”

“ኧረ በማርያም! የስንት ዓመት ሂሳብ ነው ያለበት፣ እንዳትነካው ልጄ!”

እንኳን አልነካው። ዲስኩ ደህና ነበር። የተሰበረው ሳጥን ውስጥ ያለችው የዩኤስቢ ቦርድ፣ የዲስኩን 512 ባይት ሴክተሮች ስምንት ስምንቱን ጠቅልላ ለኮምፒውተሩ 4096 እያለች ነበር የምታቀርበው። አንዳንድ አምራቾች ይህንን ያደረጉት ከ2 ቴራባይት በላይ የሆኑ ዲስኮች አሮጌ ዊንዶውስ ላይ በኤምቢአር እንዲሠሩ ብለው ነው። የፓርቲሽን ሠንጠረዡ “ፓርቲሽኑ ብሎክ 256 ላይ ይጀምራል” ይላል። በሳጥኑ በኩል 256 በ4096 ማለት 1,048,576ኛው ባይት ነው። ዲስኩ በቀጥታ በሳታ ሲሰካ ያው 256 በ512 ይባዛና 131,072ኛው ባይት ላይ ይፈለጋል፤ እዚያ ደግሞ ምንም የለም። ኮምፒውተሩ ፋይል ሲስተም ሲያጣ “ፎርማት ላድርገው?” ይላል። ዲስኩን ሊኑክስ ላይ ሰክተን በሉፕ ዲቫይስ (ዲስክ በሚያስመስል የሊኑክስ መሣሪያ)፣ ለንባብ ብቻ፣ የሴክተሩን መጠን 4096 ብለን ስንነግረው ፓርቲሽኑ ብቅ አለ፣ ፋይሎቹም ተገለበጡ። ሴትዮዋ ልጁን መርቀውት ሄዱ።

ጂፒቲ የሚባለው አዲሱ ሠንጠረዥም ከዚህ ጣጣ አያመልጥም። ራስጌው ያለው ብሎክ 1 ላይ ነው። 512 ከሆነ 512ኛው ባይት፣ 4096 ከሆነ 4096ኛው ባይት ማለት ነው። መጠኑን ተሳስታችሁ ከጠየቃችሁ ጂፒቲው ከዓይናችሁ ሥር ሆኖ አታገኙትም። እናም አንድ ሰው የቡትሎደር ኮድ ሲያሳየኝ መጀመሪያ የምፈልገው 512 የሚለው ቁጥር ስንት ቦታ እንደተጻፈ ነው። ኢንተርፌሱ መጠኑን ከድራይቨሩ ይቀበል፤ ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ ያንን ይጠይቅ። ግሩብ የሚባለው የሊኑክስ ቡትሎደር ለምሳሌ ወደ ፋይል ሲስተሞቹ በኩል ሁልጊዜ በ512 ነው የሚያወራው፣ ግን ድራይቨሩ ጋ ሲደርስ እውነተኛውን መጠን ጠይቆ ይለውጠዋል። ይህም ያስኬዳል፣ ለዋጩ አንድ ቦታ ብቻ እስከሆነ ድረስ።

እግረ መንገዴን፦ አንዱ ኢንተርፌስ “የመጨረሻው ብሎክ ቁጥር” ይሰጣችኋል፣ ሌላው “የብሎኮች ብዛት”። ዩኢኤፍአይ የመጀመሪያውን ነው፣ ዩ-ቡት ሁለተኛውን። ልዩነቱ አንድ ነው፤ ያቺ አንድ ግን የጂፒቲው መጠባበቂያ ቅጂ የተቀመጠባት የመጨረሻዋ ብሎክ ናት። ተሳስታችሁ አንድ ብትቀንሱ፣ ዋናው ሠንጠረዥ ሲበላሽ የሚያድናችሁን ቅጂ አታገኙትም ማለት ነው።

በገበያው ላይ ስላሉት የውሸት ፍላሾች ሰው ደጋግሞ ይጠይቀኛል። 1 ቴራ ተብሎ የተሸጠ ፍላሽ ውስጡ ያለው ትንሽ ነው። ድራይቨሩ ይህንን ሊያውቅ አይችልም። መሣሪያውን “አቅምህ ስንት ነው?” ይለዋል፣ መሣሪያው የተባለውን ይመልሳል፣ ድራይቨሩ ያምናል። ማጣሪያው ሞልቶ ጽፎ መልሶ ማንበብ ነው፣ ያ ደግሞ የቡትሎደር ሥራ አይደለም።

ወደ ድራይቨሩ ውስጥ እንግባ። እዚህ ያለው ነገር ለዲዛይነሩ ትልቅ ፈተና ነው፣ ምክንያቱም መሣሪያዎቹ በምንም አይመሳሰሉም። ሚሞሪ ካርድን ውሰዱ። እስከ 2 ጊጋ ያሉት አሮጌዎቹ አድራሻ የሚቀበሉት በባይት ነው፤ ከዚያ በላይ ያሉት በ512 ባይት ብሎክ ቁጥር። ብሎክ 10ን ለማንበብ ለአሮጌው 5120፣ ለአዲሱ 10 ትልካላችሁ። ካርዱ ሲነሳ በሚሰጠው መልስ ውስጥ የትኛው ዓይነት መሆኑን የምትናገር አንዲት ቢት አለች። ይህንን ከድራይቨሩ ውጭ ማንም ሊያውቀው አይገባም። ፋይል ሲስተም የሚያነበው ኮድ ውስጥ “ካርዱ አሮጌ ከሆነ በ512 አባዛ” የሚል መስመር ካያችሁ ኢንተርፌሱ ፈሷል ማለት ነው።

ፍላሽ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። እያንዳንዱ ንባብ 31 ባይት በሆነ ትዕዛዝ ይጀምርና 13 ባይት በሆነ የማረጋገጫ መልስ ያልቃል፣ በመሃል ዳታው ይመጣል። ትዕዛዙ ውስጥ ያለው ስካዚ የሚባለው የዲስክ ትዕዛዝ ቋንቋ ነው። ዩኤፍኤስም የሚያወራው ስካዚ ነው። ስለዚህ ብልህ ንድፍ ሁለት እርከን ያደርገዋል፤ ታች ትዕዛዙን የሚያጓጉዝ፣ ላይ ስካዚ የሚያወራ። የስካዚውን ኮድ አንዴ ትጽፋላችሁ፣ ፍላሹም ስልኩም ይጠቀሙበታል። ኤንቪኤምኢ ትዕዛዞቹን ራም ላይ በወረፋ ያሰልፋል፣ እያንዳንዱ 64 ባይት ነው፣ መልሱ 16 ባይት። ሰርቨር ላይ በጣም ብዙ ወረፋ ሊኖረው ይችላል። ቡትሎደር ግን አንዷ የንባብ ወረፋ ከበቂ በላይ ናት። ብዙ ወረፋ፣ ኢንተራፕት፣ ትይዩ ሥራ ሁሉ ለከርነሉ ይቆይ። አንድ ከርነል ለመጫን የሚቆጠበው ጊዜ ለሚጨምረው ውስብስብነት አይበቃም፣ ቢያንስ በእኔ እምነት።

ፓርቲሽንም እንዲሁ በዚያው መስኮት በኩል ቢቀርብ ጥሩ ነው። ዩኢኤፍአይ ላይ ፓርቲሽን ራሱን የቻለ ትንሽ ዲስክ መስሎ ነው የሚታየው። ያው አራት ፈንክሽን አለው፣ የራሱ ብሎክ 0 አለው፣ የራሱ የመጨረሻ ብሎክ አለው። ከሥሩ መነሻ ቁጥሩን ደምሮ ለትልቁ ዲስክ ያስተላልፋል። ፋይል ሲስተሙ ሙሉ ዲስክ ላይ ይሁን ፓርቲሽን ላይ ማወቅ አያስፈልገውም፣ ከፓርቲሽኑ አልፎ የጎረቤቱን እንዳያነብም እዚያው ይቆማል።

ትንንሽ ቦርድ ላይ ለምትሠሩ፣ ብዙ ሌሊት የሚበላው የራም ጉዳይ ነው። ዲስኩ ዳታውን በዲኤምኤ በቀጥታ ራም ላይ ይጽፋል፣ ሲፒዩው ሳያየው። ሲፒዩው ደግሞ የራሱ ካሽ፣ ማለትም በቅርቡ ያነበበውን የሚይዝበት ትንሽ ማከማቻ አለው። አርም ቦርዶች ላይ ድራይቨሩ ካሹን ካላጸዳ፣ ዲስኩ ትክክለኛውን ዳታ ጽፎ ሳለ ሲፒዩው ካሹ ውስጥ የቀረውን አሮጌ ነገር ያነባል። ከዚህ የከፋው የአሰላለፍ ጉዳይ ነው። የተሰጠው አድራሻ በካሽ መስመር መጠን፣ ብዙ ጊዜ 64 ባይት፣ ካልተካፈለ ካሹን ስታጸዱ ጎን ለጎን የተቀመጠ የሌላ ሰው ቫሪያብል አብሮ ይጠፋል። የዚህ ዓይነቱ ስህተት አንዴ ይታያል አንዴ ይሰወራል፤ አንድ የህትመት መስመር ስትጨምሩ ይጠፋል፣ ስታነሱት ይመለሳል። ኢንተርፌሱ እዚህ ላይ ቁርጥ ያለ ውሳኔ ያስፈልገዋል። ወይ “አድራሻው በዚህ ይካፈል፣ ካልተካፈለ አልቀበልም” ይበል፣ ወይ ድራይቨሩ ራሱ የተስተካከለ መካከለኛ ቋት ይዞ እዚያ ካነበበ በኋላ ይገልብጥ። ሁለቱም ይሠራሉ። የማይሠራው ዝም ማለት ነው።

የንባቡ ርዝመትም እንደዚሁ። መሣሪያው በአንድ ጊዜ የሚያነበው ገደብ አለው፣ ገደቡም ከመሣሪያ መሣሪያ ይለያያል። ቡትሎደሩ 60 ሜጋ በአንድ ጥያቄ ሊጠይቅ ይችላል። መከፋፈሉ የድራይቨሩ ሥራ ይሁን።

ስለ መጠበቅ እናውራ። ቡትሎደር አብዛኛውን ጊዜ ኢንተራፕት አይጠቀምም፤ “ጨረስክ? ጨረስክ?” እያለ ሬጂስተሩን ደጋግሞ ያያል። ታዲያ እስከ መቼ? የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ከቆመበት ተነስቶ ለንባብ እስኪደርስ ብዙ ሰከንድ ሊወስድበት ይችላል፤ በአንድ ሰከንድ ተስፋ የሚቆርጥ ድራይቨር ደህናውን ዲስክ “የለም” ይለዋል። ገደብ የሌለው ደግሞ የተበላሸ ፍላሽ ተሰክቶ ስለተረሳ ብቻ ማሽኑን እስከ ጠዋት ያቆመዋል። ኤንቪኤምኢ ይህንን ጥሩ አድርጎ ፈትቶታል። ለመነሳት ቢበዛ ስንት ጊዜ እንደሚፈልግ መሣሪያው ራሱ በ500 ሚሊሰከንድ መለኪያ ይናገራል። ሌላው መፍትሔ የማይፈለገውን አለመንካት ነው። ዩ-ቡት መሣሪያዎችን የሚያስነሳው ሲጠየቅ ነው፤ ከኢኤምኤምሲ (ቦርዱ ላይ ከተበየደ ማከማቻ) የሚነሳ ቦርድ ዩኤስቢውን ሳይነካ ያልፋል።

ስህተትንም በዓይነቱ መልሱ። ብዙ ጀማሪ ኮድ የተሳሳተውን ሁሉ “-1” ብሎ ይመልሳል። ካርዱ አልገባም፣ ካርዱ ተቀይሯል፣ ካርዱ አለ ግን ይህቺ ብሎክ አትነበብም፣ የሰጠኸኝ አድራሻ ልክ አይደለም፤ እነዚህ አራት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፣ መፍትሔያቸውም አራት ነው። የመጀመሪያው ካርድ መክተት፣ ሁለተኛው እንደገና ማንበብ፣ ሦስተኛው ዳታ ቶሎ ማውጣት፣ አራተኛው ኮድ ማረም። አራቱም በአንድ ጥቁር ስክሪንና በአንድ “አልተሳካም” ከወጡ፣ ጠጋኙ ልጅ ምርጫ የለውም፣ ዲስኩን ይቀይራል። ደንበኛው ደግሞ ላልሞተ ዲስክ ይከፍላል። ይህ እኔን በእውነት ያናድደኛል፣ ምክንያቱም ለማስተካከል የሚያስፈልገው ጥቂት ቁጥሮችና ጥቂት አጫጭር መልእክቶች ብቻ ናቸው።

መጻፍስ? እዚህ ላይ አቋሜ ጠንካራ ነው፤ ቡትሎደር በተቻለ መጠን አይጻፍ። መብራት መቼ እንደሚጠፋ በማይታወቅበት ከተማ ውስጥ ስንኖር ይህ የበለጠ እውነት ነው። ግሩብ ያደረገው ያስተምራል። ማስታወስ የሚፈልገውን፣ ለምሳሌ ባለፈው የተመረጠውን ሲስተም፣ አስቀድሞ በተዘጋጀች 1024 ባይት ፋይል ውስጥ እዚያው ቦታዋ ላይ ይጽፋል። ፋይሉን አያሳድግም፣ አዲስ ቦታ አይይዝም፣ የፋይል ሲስተሙን መዋቅር አይነካም። መጻፍ የግድ ከሆነ ደግሞ “ጻፍ” ማለት ብቻ አይበቃም፤ ብዙ ዲስኮች የተጻፈውን መጀመሪያ የራሳቸው ራም ላይ ይዘው “ተጽፏል” ይላሉ። ፍለሽ የሚለው ፈንክሽን ለዚህ ነው የተቀመጠው፣ ከእጅህ አውርደው እንደማለት። ከእሱ በፊት ማሽኑን ሪስታርት ማድረግ የለባችሁም።

በዚህ መስኮት የማያልፍ ነገርም አለ። ራውተሮችና አንዳንድ ቦርዶች ላይ የሚሸጠው ጥሬ ናንድ ቺፕ ብሎክ ዲስክ አይደለም። ከመጻፋችሁ በፊት ትልቅ ክፍል ማጥፋት አለባችሁ፣ ከፋብሪካ ሲወጣ ጀምሮ የተበላሹ ክፍሎች ይኖሩታል፣ ቢቶቹ ስለሚገለበጡ ማረሚያ ኮድ ይፈልጋል። ኢኤምኤምሲና ኤስኤስዲ ይህንን ጣጣ ውስጣቸው ባለው ኮንትሮለር ስለሚሸፍኑ ነው ዲስክ የሚመስሉት። ጥሬውን ናንድ በብሎክ ኢንተርፌስ ማስመሰል ያጓጓል፤ ተውት። የራሱ ኢንተርፌስ ይኑረው፣ ማጥፋትና የተበላሸ ክፍል የሚሉት ቃላት በግልጽ የሚታዩበት።

አሁን ከመጀመሪያው ጥያቄ ቀሪውን ግማሽ እንመልስ። ቡትሎደሩ ከርነሉን ራም ላይ አስቀምጦ ሲያስረክብ የፈርምዌሩ ድራይቨሮች ሥራ ያበቃል። ዩኢኤፍአይ ላይ ርክክቡ አንድ ጥሪ ነው፤ ከዚያች ጥሪ በኋላ ብሎክ አይኦ የለም። ከርነሉ በራሱ ድራይቨር ዲስኩን ከዜሮ ማግኘት አለበት። ድራይቨሩ ከዲስክ እንዳይፈለግ ቡትሎደሩ የራሱ በር ገና ክፍት እያለ አብሮ ያመጣለታል፤ ሊኑክስ ላይ ኢኒትራምኤፍኤስ የሚባለው ጥቅል ነው፣ ዊንዶውስ ላይ ለቡት ተብለው የተመዘገቡት ድራይቨሮች ናቸው።

የዊንዶውስ አርማ በደንብ መጥቶ፣ ክቦቹ ትንሽ ዞረው፣ ከዚያ ሰማያዊ ስክሪን ላይ “ኢንአክሰሰብል ቡት ዲቫይስ” የሚለው ጽሑፍ የሚወጣው ለዚህ ነው። ሰዉ “አርማው ከመጣ ዲስኩ ተነቧል፣ ታዲያ እንዴት ዲስክ የለም ይላል?” ብሎ ይገረማል። ተነቧል፣ በፈርምዌሩ ድራይቨር። ከርክክቡ በኋላ የዊንዶውስ ድራይቨር ዲስኩን አላገኘውም። የተለመደው ምክንያት አንድ ሰው ባዮስ ውስጥ ገብቶ የሳታውን ሁነታ (ዲስኩ ከኮምፒውተሩ ጋር የሚነጋገርበትን መንገድ) ከሬይድ ወደ ኤኤችሲአይ መቀየሩ ነው። ወደነበረበት ሲመለስ ይነሳል፣ ወይም ዊንዶውሱ አንዴ በሴፍ ሞድ እንዲነሳ ታዝዞ ከተቀየረ ትክክለኛውን ድራይቨር ያነሳል። ከ11ኛው ትውልድ ኢንቴል ወዲህ ያሉ ላፕቶፖች ላይ ዊንዶውስ 10 ሲጫን ዲስኩ ዝርዝሩ ውስጥ የማይታየውም የዚሁ ዘመድ ነው። ቪኤምዲ የሚባለው የኢንቴል ክፍል ኤንቪኤምኢውን ከኋላው ስለሚይዘው፣ የኢንቴልን ራፒድ ስቶሬጅ ድራይቨር በፍላሽ ይዛችሁ “ሎድ ድራይቨር” ካላላችሁት ወይም ባዮስ ውስጥ ቪኤምዲን ካልዘጋችሁት አይታይም። ዲስክ መግዛት አያስፈልግም።

ተማሪዎች “4096 የሆነ ዲስክ ከየት እናመጣለን?” ይሉኛል። አያስፈልጋችሁም። ኬሙ በሚባለው ኮምፒውተር የሚያስመስል ፕሮግራም ላይ የምናባዊውን ዲስክ የብሎክ መጠን 4096 አድርጋችሁ ማስነሳት ይቻላል። ዩ-ቡትም ሳንድቦክስ የሚባል ሁነታ አለው፤ ሊኑክስ ላይ እንደ ተራ ፕሮግራም ይነሳል፣ ዲስኩ ተራ ፋይል ነው። ድራይቨራችሁን ስትፈትኑ በመጀመሪያ የመጨረሻዋን ብሎክ አንብቡ፣ ከዚያ ከእሷ ቀጥሎ ያለችውን፤ ሁለተኛው ንባብ መከልከል አለበት። ከመጨረሻው አንድ ቀደም ብሎ ጀምሮ ሦስት ብሎክ ጠይቁ። ዜሮ ብሎክ ጠይቁ። በአንድ ባይት የተዛባ አድራሻ ስጡት። ከ4 ጊጋባይት በላይ የሚታወቅ ጽሑፍ አስቀምጡና እሱን አንብቡ፤ ፋይሉን ባዶ ቦታ የማይይዝ አድርጋችሁ ብትፈጥሩት ላፕቶፓችሁ ላይ ቦታ አይበላም። እነዚህን ካለፈ እውነተኛው ቦርድ ላይ ጫኑት።